የአሮጌዋ መኪናችን ቀለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ተሳላሚዎች፣ በገዳም የምትኖሩ አባቶችና እናቶች፤ ለዘንድሮው የትንሣኤ በዓል የመጡ ምእመናን በግቢያችን የቆመችውን አሮጌ ላንድ ሮቨር እያዩ፣ «አባታችን፣ እንዲህ ከታደሰች ስለ ምን በፋብሪካው ቀለም አልተቀባችም?» ሲሉ ደጋግመው ጠየቁን። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ቀዳሚ ሕጋቸው ወደ መጀመሪያው ቀለም መመለስ ነውና። እኛም መልሱን ለየአንዳንዱ በቃል ከመንገር ለሁሉም በጽሑፍ ማድረስን መረጥን።

ላንድ ሮቨር መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብረት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና የውጭ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲውን ግን ከብረት ሠሩት። ሻንሲው በዝገት ሲበላ ገላው ጸንቶ የሚቆየው ስለዚህ ነው። የእኛይቱ እ.ኤ.አ. በ1958 መሠራት ከጀመረው ከሁለተኛው ዓይነት ወገን ናት። ወደ ገዳም የገባችው ኢየሩሳሌም ለሁለት ተከፍላ፣ ዴር ሡልጣን በዮርዳኖስ መንግሥት በኩል፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በእስራኤል በኩል በነበሩበት ዘመን ነው። ከዚያ ጀምሮ ዱቄቱንም፣ ዘይቱንም፣ ጉልበት የከዳቸውን ተሳላሚዎችም ተሸክማ ወደ ኢያሪኮ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ስትወርድና ያንኑ ዳገት ስትወጣ ኖራለች።

ለእድሳት ወደ ጋራዥ በገባች ጊዜ ስለ ቀለሟ ሐሳብ በሦስት ተከፈለ።

ቀለም ቀቢው ወደ ፋብሪካው ቀለም እንመልሳት አለ። መቀመጫውን አንሥቶ፣ ፀሐይ ያልደረሰበትን የላሜራ ጥግ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያለ ቢፍቀው ከነጩ በታች ጥቁር አረንጓዴ ወጣ። ጣሪያዋ ደግሞ ፋብሪካው «ላይምስቶን» ብሎ የሰየመው ቀለም ነበረ፤ ትርጓሜው የኖራ ድንጋይ ማለት ነው፣ መልኩም ወደ ቅቤ የሚያደላ ነጭ ነው። የእድሳቱን ወጪ ሊሸፍኑ የተነሡ አንድ በጎ አድራጊ ደግሞ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሆና በሮቿ ላይ የቤተ ሰባቸው ስም እንዲጻፍ ፈለጉ። አረጋውያኑ መነኰሳትና መነኰሳይያት ግን «ነጭ ነበረች፤ ነጭ ትሁን» ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም።

ነጩ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ የዮርዳኖስ ዳርቻ ፈንጂ የተቀበረበት፣ ወታደር የሚጠብቀው ስፍራ ሆነ። አረንጓዴ ላንድ ሮቨር ከሩቅ ሲታይ የሠራዊት መኪና ይመስላል። ዛሬ በሞት የተለዩን አንድ አባት ይህን አይተው፣ ለቤት ግድግዳ የተገዛውን ነጭ ቀለም በጥብጠው በቡርሽ ቀቧት። የቡርሻቸው ፈለግ በጎንና በጎኗ እንደ ማረሻ ትልም ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ ተሳላሚ ሁሉ የሚያውቃት በነጭነቷ ነው።

ከብራና ጋር ያደግን ነንና ነገሩን በብራና መዘንነው። በአሮጌ መጽሐፍ ላይ የቀደመው ጽሕፈት ተፍቆ ሌላ ተጽፎበት ሲገኝ ጠንቃቃ መምህር ፈጥኖ አይፈርድም፤ አስቀድሞ ማን ፋቀው፣ ስለ ምን ፋቀው ብሎ ይጠይቃል። ቸልተኛ ጸሓፊ አበላሽቶት እንደ ሆነ ወደ ፊተኛው ይመልሰዋል። ዐዋቂ በምክንያት አርሞት እንደ ሆነ ግን እርማቱን ያከብራል። የቀደመ ሁሉ የቀና አይደለም፤ የኋለኛም ሁሉ የተበላሸ አይደለም። አረንጓዴው የፋብሪካው ነው፤ ነጩ ግን ነፍስ ለማዳን የተደረገ እርማት ነው።

ሦስቱን ቀለማት በተመለከተ የበጎ አድራጊው ፍቅረ ሀገር የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚህች ከተማ ቀለም ዝም ብሎ ቀለም አይሆንም። በቅዱሳት መካናት ልማድ ግድግዳ የጠገነና ጣሪያ ያደሰ እንደ ባለይዞታ ይቆጠራልና፣ በዴር ሡልጣን አንዲት ጣሪያ ማደስ እንኳ ምን ያህል ክርክር እንደሚያስነሣ የኖረበት ያውቀዋል። ምልክት ሁሉ እንደ ክስ ወይም እንደ ምስክር በሚነበብበት አገር፣ ድካም የጣላቸውን ለመሸከም የምትወጣ መኪና ከማንም ጋር ሙግት ባትገጥም ይሻላል።

ስለ ስሙም እንዲሁ። በብራና ቀይ ቀለም የሚጠበቀው ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው አይረሳም፤ ስሙ በመጽሐፉ መጨረሻ በጸሎት ይነሣል እንጂ በደጁ ላይ አይለጠፍም። ይህንኑ ለበጎ አድራጊው በትሕትና ጻፍንላቸው። ሁለት ወር ዝም አሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ ቀለሟ ተገፍፎ፣ ኮፈኗ ወልቆ፣ በጋራዡ ጥግ ቆመች። ገንዘቡ ቢቀር እርሷም በዚያው እንደምትቀር እናውቅ ነበር፤ ከወንድሞችም «ስለ ቀለም ብላችሁ መኪናውን አሳጣችሁን» ያሉን አልጠፉም። በኋላ አጭር መልእክት ደረሰን፤ እንደ ወደዳችሁ ቀቧት፣ የእናቴን የክርስትና ስም ብቻ በጸሎት አስቡልኝ የሚል ነበር። እስከ ዛሬም በየቅዳሴው ይታሰባል።

ነጭ ይሁን ከተባለ በኋላም የትኛው ነጭ የሚለው ቀረ። በትንሽ ወረቀት ላይ የሚታይ ቀለም በሰፊ ገላ ላይ ሲሆን ደምቆ ይታያልና፣ ቀቢው ሦስት የላሜራ ቁራጮችን ቀብቶ አመጣልን። በማለዳ፣ በቀትርና ከሠርክ ጸሎት በኋላ ከግንቡ ጋር አቁመን አየናቸው። ንጹሑ ነጭ በቀትር ዐይን ይወጋል፤ ሁለተኛው ወደ ግራጫ ይሄዳል። ሦስተኛው ያው ላይምስቶን ነበረ፤ ማታ ላይ ከግንቡ ድንጋይ ጋር አንድ መሰለ። የኢየሩሳሌም ቤቶች የሚለብሱት ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነውና። የአባታችንም ነጭ ከፀሐይ ብዛት ገርጥቶ ወደዚሁ መልክ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ለጣሪያዋ ብቻ የሰጣትን ቀለም ለመላ ገላዋ አለበስናት። በኢያሪኮ ሐሩርም ነጣ ያለ ቀለም ከጥቁር አረንጓዴ ይልቅ ሙቀት አያስገባም።

ሥራው ጥንቃቄ ጠየቀ። አሉሚኒየም ቀለምን በቀላሉ አይዝምና አስቀድሞ የሚነክስ ልዩ የሥር ቀለም ይቀባል፤ ያለዚያ በዓመቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። የብረት ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር በተገናኘበት ሁሉ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ በመካከላቸው ላስቲክ አኖርን። በፓራፋንጎዋ ላይ ያሉትን ሁለት እጥፋቶች ግን በስቱኮ አልሸፈንናቸውም፤ የመንገዱ ምስክሮች ናቸው።

ከመቀመጫው ሥር አንድ ስንዝር ቦታ ሳይቀባ ቀርቷል። በዚያ የፋብሪካው አረንጓዴ፣ በላዩም የአባታችን ነጭ ከነቡርሹ ፈለግ ይታያል። የትርጓሜ መምህራን «አንድም» እያሉ ሁለቱን ንባብ ጎን ለጎን እንደሚያኖሩ፣ እኛም አንዱን ስንመርጥ ሌላውን አላጠፋንም። ማየት የሚሻ ቢኖር መቀመጫውን አንሥተን እናሳያለን።

ይህን የጻፍነው ስለ መኪና ብቻ አይደለም። በአገራችን በየአጥቢያው የቀደሙ አባቶች ያሣሏቸው የግድግዳ ሥዕሎች በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ሲሸፈኑ ይታያል፤ የሚሸፍኗቸውም በቅን ልብ፣ በገዛ ገንዘባቸው ነው። ተሳልማችሁ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ደብራችሁን ለማደስ ብትነሡ፣ ቀለም ከመበጥበጣችሁ በፊት በታች ያለውን እዩ፤ ማን እንደ ሠራው፣ ስለ ምን እንደ ሠራው አረጋውያንን ጠይቁ፤ መሸፈን የግድ ከሆነም ለሚመጣው ትውልድ አንድ ስንዝር ተዉለት።

የአባቶቻችን ጸሎት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።