ከሚሴና ከባሕር ማዶ የመጣው ልጅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ተራራ አልፎ ወደ ቆላው ከወረደ በኋላ፥ ሸዋ ሮቢትን፥ አጣዬንና ካራ ቆሬን ተሻግሮ፥ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ከሚሴ ይደርሳል። ከተማዪቱ በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መናገሻ ናት። በአቅራቢያዋ ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል፤ በበጋ ወራት ከአፋር በኩል የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ያሰማሩበታል። በገበያዋ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ከነዋሪው አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን፥ ክርስቲያኑም ከጎረቤቱ ጋራ ቡና እየተጠራራ ይኖራል።

ከዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዷል። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ባስወጣ ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከዚያም ወዲህ መምጣቱ አልተቋረጠም። ከመጡትም መካከል እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች አሉ። እነዚህንም «ተመላሾች» እንላቸዋለን፤ ነገር ግን ሰው ረግጦት ወደማያውቀው አገር እንዴት ይመለሳል?

በከሚሴ ያገኘነው የ15 ዓመት ልጅ ሪያድ ያደገ የክርስቲያን ልጅ ነው። «በ1 ሰዓት ና» ቢሉት ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ ባደገበት አገር ሰዓት የሚቈጠር በሌላ መንገድ ነውና። ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ የለመደ እጁ ፊደላችንን ለመከተል ይቸገራል፤ ስለዚህም ከታናናሾቹ ጋራ ተቀምጦ ሀሁ ይቈጥራል። ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነበር። በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ቅዳሴ አይቶ አያውቅም፤ ሕዝቡ ሲሰግድ እርሱ ቆሞ ቀረ። ጎረምሶቹ ሳቁበት፤ «ዐረቡ» የሚል ስምም አወጡለት። ከዚያ ሰንበት በኋላ እናቱ ብትለምነውም እምቢ አለ።

ያጽናናው ማን ነበር? ጅዳ ሠርተው የተመለሱ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ናቸው። በዐረብኛ ሰላም አሉት፤ ከሱቃቸው አስቀምጠውም የዕቃውን ሁሉ ስም በአማርኛና በኦሮምኛ አስጠኑት። ጎረቤት ይህን ካደረገ፥ ከእኛ ከወገኖቹ ምን ይጠበቃል?

ነገሩ ቀላል አይደለም። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር የሚወርደው መንገድ እስከ ጅቡቲ ጠረፍ ያደርሳል፤ ከዚያም ስደተኞች በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ በዚያ በረሃና ባሕር ብዙዎች ቀርተዋል። በመንደሩ ስፍራ ያጣ ልጅ ዓይኑን የሚጥለው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የእመቤታችንንና የልጇን ስደት እናስባለን። ያም ሕፃን ከግብፅ ወደ ናዝሬት ሲገባ ለመንደሩ ልጆች እንግዳ ነበረ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ደብራችሁ ሲመጣ፥ ከልጆቻችሁ አንዱ ከአጠገቡ ይቁምና መቼ እንደሚሰገድ በቀስታ ያሳየው። ከቅዳሴም በኋላ ለምሳ ጥሩት።