142857

የአምስተኛ ክፍል ልጄ በሒሳብ ፈተና ከ20 ስድስት አምጥቶ ቤት ሲገባ፣ ንዴት አሸነፈኝና «ደደብ!» አልኩት። ደብተሩን ዘግቶ ወደ መኝታው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ሒሳብ መሥራት እምቢ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩና ወረቀት ላይ 142857 ብዬ ጻፍኩ። «በ2 አባዛው» አልኩት። 285714 አገኘ። በ3 ሲያባዛው 428571፣ በ4 ደግሞ 571428 ሆነ።

«አባዬ፣ አሃዞቹ እኮ ያው ናቸው! መነሻቸው ብቻ ነው የሚለያየው።»

በ5 እና በ6ም እንደዚያው ሆነ። በ7 ግን 999999 መጣ፤ ሳቀ።

«ለምን?» አለኝ።

እኔ የማውቀው ቁጥሩ 1 ለ7 ሲካፈል ከነጥብ በኋላ እየተደጋገመ እንደሚመጣ ብቻ ነበር። አብረን ማካፈል ጀመርን። ቀሪው 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5 እያለ ሄዶ 1 ላይ ተመለሰ። ልጄ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «ከ7 የሚያንሱት ስድስቱም ቀሪዎች መጡ። 2ን ወይም 3ን ለ7 ብናካፍልም የምንገባው እዚሁ ዙር ውስጥ ነው!»

ምክንያቱን ያገኘው እሱ ነው። «ይቅርታ ልጄ» አልኩት፤ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።