ስለ ኮንሶ እርከንና ስለ ልዩ ልዩ የዕፀዋት ምግብ ጥቅም



ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው፣ የጫሞን ሐይቅ በስተግራው ትቶ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ፣ ከቈላው ሜዳ ወጥቶ የኮንሶን ዳገት ይይዛል። በዚያ ዳገት ላይ አስቀድሞ ዓይንን የሚስበው ከተማ ወይም ደን አይደለም፤ ከተራራው ራስ ጀምሮ እስከ ሸለቆው ሥር ድረስ እንደ ደረጃ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ በአንዳንዱ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ በሰው እጅ የተሠራ ነው፤ ሥራውም ከ400 ዓመት በላይ የቈየ፣ በትውልድ ቢቈጠር 21 ትውልድ የተፈራረቀበት መሆኑ ይነገርለታል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2003 ዓ.ም. ይህን 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን አገር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እርከኑን ለማየት ብዙ ሰው ይሄዳል፤ ስለ ካቡ ጥበብም ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ይህን ገጽ ለቤተ ሰብ የምናዘጋጅ ስለ ሆንን፣ ከካቡ ይልቅ በካቡ ላይ የበቀለውን፣ ከበቀለውም ተለቅሞ ወደ ድስት የሚገባውን ለመመልከት መረጥን። ያየነውም ነገር ለኮንሶ ሰው ብቻ ሳይሆን በከተማ ለምንኖረው ሁሉ ትምህርት የሚሆን ሆኖ አገኘነው።

አንዱን እርከን ቀርበን ስንመለከተው፣ በብዙ አገር እንደ ለመድነው አንድ ዘር ብቻ የተዘራበት እርሻ አልነበረም። ማሽላው ራሱ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አንዱ አንገቱን የደፋ። በማሽላው መካከል በቈሎ አለ፤ ከሥሩ ቦሎቄ ይሳባል፤ የርግብ አተር በዳር በዳር ቆሟል፤ ዱባው ቅጠሉን በምድር ላይ ዘርግቷል። ከዚህም ሁሉ በላይ የሽፈራው ዛፍ ቀለል ያለ ጥላውን ጥሎበታል። ከፍ ባለው ቀዝቃዛ ስፍራ ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ እንሰትም ይተከላል።

ገበሬዎቹን ስለ ምን እንዲህ አደባልቀው እንደሚዘሩ ብንጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ ዝናቡ የሚታመን ወዳጅ አይደለምና ነው። ዝናቡ ቀድሞ ቢቆም ፈጥኖ የሚደርሰው ዘር ይተርፋል፤ ቢዘገይ ደግሞ ድርቅን የሚችለው ይጠብቃል፤ ተባይ አንዱን ቢመታው ሁለተኛው ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ቤት ሰው ተስፋውን ሁሉ በአንድ ዘር ላይ አይጥልም። የቦሎቄውና የአተሩ ወገን ምድሪቱን መልሶ ያዳብራል፤ የዱባው ቅጠል እርጥበቷን ይሸፍናል፤ ካቡም አፈሩን ይዞ ጐርፍ እንዳይወስደው ይከለክላል።

ከእርሻው ወደ ቤት ገባን። በኮንሶ የሽፈራው ዛፍ በእርሻ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ግቢም ይተከላል፤ በበጋ ሌላው ቅጠል ሁሉ በደረቀ ጊዜ እርሱ ለምልሞ ስለሚቈይ፣ የቤቱ እመቤት ከደጅዋ ሳትርቅ ጐመንዋን ከዛፍ ላይ ትቀጥፋለች። ያስተናገዱን እመቤት የማሽላና የበቈሎ ዱቄት በውኃ ለውሰው፣ በእጃቸው እያድበለበሉ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቀሉ። ይህ ምግብ ኩርኩፋ ይባላል። ከእርሱም ጋር የቦሎቄና የርግብ አተር ንፍሮ፣ የተቀቀለ ዱባና ቃሪያ ቀረበ፤ ኋላም የቡና ቅጠል ተፈልቶ ጠጣን። በዚያች አንዲት ቀን በዚያ ቤት ማዕድ ላይ የነበረውን ብንቈጥረው 8 ዓይነት የዕፀዋት ምግብ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ባለጠጋ ቤት አልነበረም፤ እመቤቲቱም ቍጥሩን ስንነግራቸው ይህ ምን ያስደንቃል ብለው ሣቁ።

በዚህ ስፍራ፣ ይህ ለሰውነታችን ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ በሆዳችን ውስጥ ነው።

በሰው አካል ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ፤ ሐኪሞች ባክቴሪያ ይሏቸዋል። በ2008 ዓ.ም. በታተመ ግምት መሠረት፣ ክብደቱ 70 ኪሎ በሚሆን ሰው ውስጥ ቍጥራቸው 38 ትሪሊዮን ያህል ነው፤ አብዛኞቹም በትልቁ አንጀት ይኖራሉ። እነዚህ ሁሉ ጠላቶች አይደሉም፤ ብዙዎቹ የቤት አገልጋዮች ናቸው። እኛ ከምንበላው እህልና ቅጠል ውስጥ ሆድ ሊፈጨው የማይችል ቃጫማ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ፣ እነዚያ ጥቃቅን ሕያዋን ተቀብለው ያብላሉታል፤ ሲያብላሉትም ቡቲሬትና ይህን የመሰሉ ቀጫጭን አሲዶች ይወጣሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ብርታቱን የሚያገኘው ይበልጡን ከዚህ ከቡቲሬት ነው። ቃጫው ከቀረባቸው ግን አንዳንዶቹ አንጀቱን የሚሸፍነውን ልጋግ መብላት ይጀምራሉ፤ ደመወዝ የተከለከለ ዘበኛ አጥሩን እንደሚያነድ ማለት ነው።

የሁሉም ምግብ አንድ ዓይነት አይደለም። የማሽላው ቃጫ ሌላ ነው፤ የባቄላው ሌላ ነው፤ የጐመኑና የሽንኩርቱም እንዲሁ ሌላ ነው፤ አንዱ የሚወደውን ሁለተኛው አይነካውም። ስለዚህ በሆድ ውስጥ ልዩ ልዩ ወገን እንዲኖር የሚፈልግ ሰው፣ ልዩ ልዩ ምግብ ማቅረብ ይገባዋል። እርከኑና አንጀቱ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱንም ከክፉ ቀን የሚጠብቃቸው ድብልቅነት ነው።

ይህን ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ መርምረውታል። በ2002 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፣ ማሽላና ዘንጋዳ፣ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል የሚመገቡትን የቡርኪና ፋሶ ገጠር ሕፃናት ከጣሊያን ከተማ ከፍሎሬንስ ሕፃናት ጋር አመዛዘነ። ቃጫን የሚያብላሉት ወገኖች በአፍሪካውያኑ ሕፃናት ሆድ በዝተው ተገኙ፤ ከላይ የጠቀስናቸው ጠቃሚ አሲዶችም እንዲሁ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ የገጠር ሰዎች ማዕዳቸውን ለ2 ሳምንት ያህል እንዲለዋወጡ ተደረገ። አሜሪካውያኑ ቃጫ የበዛበትን የአፍሪካ ምግብ በበሉ ጊዜ፣ ለአንጀት ነቀርሳ ያሰጋሉ የሚባሉት ምልክቶች ቀነሱላቸው፤ ሥብና ሥጋ የበዛበትን ምግብ የበሉት አፍሪካውያን ግን ምልክቶቹ ባሱባቸው። ሁለት ሳምንት ብቻ ይህን ያህል ከለወጠ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚደጋገም ማዕድ ምን ያህል እንደሚለውጥ አንባቢ ያስበው።

እንዲሁም በ2010 ዓ.ም. ከ10,000 በላይ ሰዎች ከገቡበት፣ በአሜሪካ ከተጀመረ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በሳምንት ውስጥ ከ30 ዓይነት በላይ የዕፀዋት ምግብ የሚበሉ ሰዎች፣ ከ10 ዓይነት ያልበለጠ ከሚበሉት ይልቅ በሆዳቸው የበዛ ልዩ ልዩ ወገን ተገኝቶባቸዋል። ይህ ጥናት የሁለቱን ነገር አብሮ መገኘት እንጂ አንዱ ሁለተኛውን ማምጣቱን በራሱ አያረጋግጥም፤ ሠላሳ የሚለውም ቍጥር ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱን ያመለክታል።

አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ መብላት የሚያመጣውን ጕዳት ለማወቅ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የሚዘራው ጓያ በቂ ምስክር ነው። ጓያ በድርቅ ጊዜ ሌላው ዘር ሲጠፋ የሚጸና ብርቱ እህል ነው። ነገር ግን ሰው ችግር አስጨንቆት ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ሲያደርገው፣ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደውም እግር ተመልሶ አይድንም። በዚህ የተጐዱት ሰዎች ጓያን መርጠው የበሉ አይደሉም፤ ሌላ ያጡ ናቸው። ሌላ ሞልቶለት ሳለ ማዕዱን ወደ አንድ ዓይነት የሚያጠብ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

ይህን የምንለው በከተማ ያሉትን ቤቶች አስበን ነው። ዛሬ በብዙ የተከበረ ቤት፣ ጧት የፉርኖ ዱቄት ዳቦ፣ ቀትር ፓስታ ወይም ማካሮኒ፣ ማታ ሥጋ ይቀርባል። የፉርኖ ዱቄት እንዲነጣ ሲባል ገለባውና ጽንሱ ተነቅሎለታል፤ ከስንዴው ለአንጀት የሚጠቅመው ክፍል የወጣውም በዚያው ጊዜ ነው። ንፍሮ፣ ቈሎ፣ ጐመን፣ ዳጉሳ ደግሞ የድኻ ምግብ ተብለው ከእንግዳ ፊት ይሸሸጋሉ። ልጆቻችንም ይህን ንቀት ከእኛ ይማራሉ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። አያቶቻቸው በስሙ የሚያውቁትን እህል እነርሱ በመልኩ እንኳ የማያውቁት ሆነዋል።

ስለ ኮንሶ ስንጽፍ አገሪቱን ከእውነቱ በላይ ልናስጌጣት አንፈልግም። በቅርብ ዓመታት ዝናብ ደጋግሞ በመታጣቱ፣ በኮንሶ ብዙ ቤተ ሰብ ተርቧል፤ ልዩ ልዩ ዘር መኖሩ ረኃብን ያቃልላል እንጂ ፈጽሞ አይከለክልም። ሽፈራውንም ነጋዴዎች የበሽታ ሁሉ መድኃኒት እያሉ በከተማ ይሸጡታል፤ እርሱ ግን መልካም ጐመን እንጂ ተአምር አይደለም። ጥቅሙም የሚገኘው ብቻውን በዱቄት ሲዋጥ ሳይሆን፣ በኮንሶ እንደሚደረገው ከሌላው ጋር በማዕድ ሲቀርብ ነው።

በአዲስ አበባ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1976 የተቋቋመው የዘር ማኖሪያ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ የአገሪቱን አዝርዕት በብርድ ቤት ይጠብቃል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ማንም የማይበላው ዘር ማንም አይዘራውም፤ ስለዚህ ለማሽላው ሁሉ ዓይነት እውነተኛው ጠባቂ፣ በየዓመቱ ለድስትዋ የምትመርጠው እመቤትና ለእርከኑ የሚመርጠው ገበሬ ናቸው። እኛም በገበያ የምንጠይቀው እህል በእርሻ ይቀጥላል፤ የተውነውም ይጠፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መልካሙ ነገር፣ መሠረቱ በቤታችን መኖሩ ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለ ሆነ ከነገለባው ይፈጫል፤ ስለዚህ እንጀራችን ቃጫው አልጠፋበትም። ምጣዱ እርሾውን ቢገድለውም ቃጫው ይቀራል። በጾም ወራት የሚቀርበው በየዓይነቱ ምስርን፣ አተርን፣ ሽምብራን፣ ጐመንን፣ ቀይ ሥርን፣ ካሮትን፣ ድንችን በአንድ ትሪ ላይ ያሰባስባል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ጾም በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ስለ ሆነ፣ አባቶቻችን ይህን ማዕድ ለነፍስ ሲሠሩት ሥጋም ተጠቅሟል። ጥፋቱ የሚመጣው ጾሙ ሲፈታ ትሪው ሁሉ በሥጋ ብቻ ሲሞላ ነው።

ስለዚህ ለወይዛዝርትና ለቤት አሳዳሪዎች የምንመክረው ይህ ነው። ጤፉን አልፎ አልፎ ከማሽላ ወይም ከዳጉሳ ጋር ማደባለቅ፤ ንፍሮን ከስንዴ ብቻ ሳይሆን ከባቄላና ከሽምብራ ጋር መቀቀል፤ አዚፋን፣ ስልጆን፣ ተልባን፣ ሰሊጥን ወደ ማዕድ መመለስ፤ ሥጋ በሚበላበትም ቀን ጐመኑን አለማስቀረት፤ ከምግብ በኋላ ሙዝ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ማቅረብ። ነገር ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር ሆድን ይነፋል፤ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ዓይነት እየጨመሩ፣ ጥራጥሬውን አስቀድመው እየዘፈዘፉ፣ ውኃም እየጠጡ መልመድ ይሻላል። የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አንባቢዎቻችን የመንግሥትን ገቢና ወጪ በመዝገብ መጻፍ የለመዳችሁ ናችሁ። በሚመጣው ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ በቤታችሁ የተበላውን የእህል፣ የጥራጥሬ፣ የቅጠል፣ የሥርና የፍሬ ዓይነት አንድ በአንድ በወረቀት አስጽፉ፤ የተደጋገመው አንድ ጊዜ ብቻ ይቈጠር። ቍጥሩ ከ10 ያላለፈ እንደ ሆነ፣ የቤታችሁ ግምጃ ቤት ሙሉ ሳለ የልጆቻችሁ አንጀት ተርቧል ማለት ነው። እንግዳም ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ንፍሮውንና ጐመኑን ከሥጋው ጐን በክብር አስቀምጡት፤ ልጆቻችሁ ክብሩን አይተው ይለምዱታልና።