በእህል ጕድጓድ የከረሙ መጻሕፍት

ዓመት ሲዞር ሁሉም በየሙያው ሒሳቡን ይመረምራል። ሹሙ የበጀቱን ገቢና ወጪ ያመዛዝናል፤ ነጋዴው መዝገቡን ገልጦ ትርፉን ከኪሳራው ይለያል፤ ገበሬውም ያፈሰውን ከዘራው ጋር ያስተያያል። መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ግን ሒሳቡን በምን ይለካል? አብዛኞቻችን ያነበብናቸውን መጻሕፍት ቈጥረን፥ ቍጥሩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ደስ ይለናል፤ ያነሰ እንደ ሆነ እናዝናለን። ይሁን እንጂ ብዙ መጽሐፍ አንብቦ አንዱንም ከኑሮው ጋር ሳያነጋግር ዓመቱን የሚጨርስ ሰው አለ፤ ጥቂት አንብቦ ከእያንዳንዱ ጋር ሲከራከር የሚከርምም አለ።

እኔ ከንባብ ዘመኖቼ ሁሉ ለይቼ የማስታውሰው 2015 ዓ.ም.ን ነው። በዚያ ዓመት ያነበብኋቸው መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው። የመረጥኋቸውም እኔ አይደለሁም፤ ለብቻዬ ያነበብሁትም ከመካከላቸው አንድ የለም።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በመምህርነት የምኖርባት የቆቦ ከተማ ከደሴ በወልድያ አድርጎ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ የላስታ ደጋ፥ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ያጥሯታል፤ በመካከሉ የራያ ቆላ ሜዳ ተዘርግቶ ማሽላና ጤፍ ይዘራበታል። አውራ ጎዳናው እህልና እንግዳ የሚመጣበት የመሆኑን ያህል ጦርም የሚመጣበት ነው። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማይቱ በጦርነቱ ተይዛ ቈየች፤ በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉባት። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦ አካባቢ እንደ ገና ሲነሣ፥ እኛም እንደ ሌላው ሕዝብ የቻልነውን ይዘን ወደ ደቡብ ወጣን። አዲሱን ዓመት የተቀበልነው በደሴ፥ በኪራይ በያዝናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው።

ከእኔና ከእኅቴ ጋር አባቴ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ፥ ፊደል ያልቈጠሩ የማሽላ ገበሬ ናቸው። ሥራ የፈታ ገበሬ እጁን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም፤ አባቴም ቀኑን ሙሉ በደጃፍ ተቀምጠው የሰው መንገድ ሲቈጥሩ ይውላሉ። በመያዣዬ ውስጥ የተገኘው መጽሐፍ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብቻ ነበር። አንድ ማታ ገልጬ በልቤ ሳነብ አባቴ ትኵር ብለው አዩኝና፥

«ልጄ፥ ለብቻህ የምትበላው ምንድን ነው?» አሉኝ።

በአገራችን ሰው እያየ ለብቻ መብላት ነውር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ከዚያች ማታ ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ።

ይህ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ያወቀው በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ የዚያ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። አባቴም በሻይ ቤት በር ቆመው ከታሪኩ ቍራጭ ቍራጩን ሰምተው ኖሮ፥ «ታሪኩ ይኸው ነው፤ ድምፁ ግን ያንተ አልነበረም» ብለው አሳቁን። የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት እንቢ ያሉበትን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ስለ ጉዱ ካሳም፥ «ይህ ሰው እብድ አይደለም፤ አብሮት የሚናገር ስላጣ ነው እብድ የተባለ» አሉ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ ባለታሪክ የተማርሁት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ብቸኝነቱን ከእብደቱ ስም ጋር እንዲህ ያገናኘልኝ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ወደ ቆቦ ተመለስን። በመደርደሪያዬ ላይ የነበሩት መጻሕፍት አልነበሩም። ወደ ማን እንደ ሄዱ መጠየቅ በዚያን ጊዜ ልጁን ላጣ ጎረቤት አሳፋሪ ጥያቄ ነበርና ዝም አልሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ከአባቴ መንደር አንዲት ባልቴት ልካ አስጠራችኝ። በሽሽቱ ሰሞን ከቤታችን ደጃፍ ተበትኖ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ለቅማ፥ በማዳበሪያ ከረጢት አስራ፥ እህል ባለቀበት ጕድጓዷ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። በእኛ ቆላ ማሽላ ከመሬት በታች በተቈፈረ ጕድጓድ እንደሚከተት የታወቀ ነው። «ጽሕፈት ስለ ሆነ እሳት ውስጥ መጣሉን ፈራሁት» አለችኝ። ከከረጢቱ ውስጥ በደኅና የወጡት ሦስት መጻሕፍት ናቸው፤ የቀረው ሽፋንና ቅዳጅ ነበር። የዓመቱን ንባቤን የመረጠችልኝ እንግዲህ ይህች ማንበብ የማታውቅ ሴት ናት።

መጀመሪያ የገለጥሁት የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን መጽሐፍ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት ከ1958 እስከ 1977 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በኢትዮጵያ የደረሰውን ረሀብ የሚመረምር ሲሆን፥ ዋና አሳቡም ረሀብ የድርቅ ልጅ ብቻ አለመሆኑን፥ ገበሬውን መጠባበቂያ አሳጥቶ ለረሀብ የሚያጋልጠው ሥርዐት እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። ማታ ማታ እየተረጐምሁ አሰማኋቸው። አባቴ የ1965ቱን ረሀብ በጕልምስናቸው አይተውታል፤ ሕዝቡ ከቀዬው ወጥቶ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር እርዳታ ሲጠብቅ ከቆሙት መካከልም ነበሩ። ስለዚህ ጥናቱን ያደመጡት እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ምስክር ነው።

«በመጀመሪያ ፍየሏ ትሸጣለች» አሉኝ። «ቀጥሎ ጥጃዪቱ፥ ቀጥሎ ላሚቱ። በሬው የወጣ ዕለት ግን ሰውዬው ገበሬነቱን ሸጠ ማለት ነው። ያን ጊዜ ገበያው ሁሉ ሻጭ ነው፤ ገዥ የለም። ጥማድ የሚያህል በሬ በጥቂት ቍና ማሽላ ይሄዳል። ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ረሀብ አይሆንም፤ የቀረው ዝናብ ባዶ ጕድጓድ ሲያገኝ ነው ረሀብ የሚሆን።»

ምሁሩ በብዙ ሰንጠረዥና ማስረጃ የደረሱበትን ነገር አባቴ በአንድ ጕድጓድ ተናገሩት ብል ምሁሩን ማሳነሴ አይደለም። እንዲያውም ሁለቱ አንዱ ለአንዱ ያስፈልጉ ነበር። አባቴ ያዩት የአንድ ሜዳ መከራ በሌላውም አውራጃ በዚያው ሥርዐት መፈጸሙን የነገራቸው መጽሐፉ ነው። «ለካ እኛ ብቻ አልነበርንም» ብለው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በ1977 ዓ.ም. ከእኛ በላይ ባለችው በኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ ዓለም በቴሌቪዥን ሲያየው፥ እርሳቸው በዚያው አቅራቢያ ሆነው የዓለም ሰው ስለ እነርሱ ምን እንዳለ አልሰሙም ነበር።

ሁለተኛው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ደራሲው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ይህ መጽሐፍ፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የድካሙ ፍሬ ዕውቀት ላለው ሕዝብ ሲሳይ እንደሚሆን ያስተምራል። አባቴ በዚህ ተቈጡ። «ዕውቀት የለውም የሚለው ማንን ነው?» ብለው ስለ ጎርፍ ጠለፋ ይነግሩኝ ጀመር። በደጋው ዝናብ ሲዘንብ ሆርማትና ጎሊና ሞልተው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ ገበሬው በድንጋይ፥ በእንጨትና በአፈር ከትሮ ጎርፉን ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ዝናብ በማሳው ላይ ሳይጥል መሬቱ ይጠጣል፤ ደለሉም ያለማዋል። ክተሩ የላላ እንደ ሆነ ጎርፉ ይሰብረዋል፤ የጠነከረ እንደ ሆነም ማሳውን ይዞት ይሄዳል። ከላይ ያለው ከታች ላለው መቼ እንደሚለቅ በስምምነት ይወሰናል። ይህ ሁሉ በፊደል ያልተጻፈ ዕውቀት ነው።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሌላ ማታ አባቴ ራሳቸው ነገሩን እንደ ገና አነሡት። «ጎርፉን እናውቀዋለን» አሉ፤ «የማሽላውን ዋጋ ግን የሚያውቀው የሚገዛን ነው። ሰውዬው እርሱን ማለቱ ከሆነ እውነት ብሏል።» ነጋድራስ ስለ ንግድ የጻፉትን ምዕራፍ ከዚህ በተሻለ ለተማሪዎቼ ማስረዳት የምችል አይመስለኝም።

በግንቦት አባቴ ታመው ተኙ። በዚያ ጊዜ የተመለስነው ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ሌሎቹን ስናነብ በመካከሉ ትተነው ነበርና። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ከወጣችበት ስፍራ ስንደርስ ድካም በረታባቸው። በመጨረሻው ሳምንት ዐይናቸውን ከድነው፥

«አገኘችው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ታገኘዋለች፥ አባባ» አልኋቸው።

ደራሲው እንደ ጻፉት ታገኘዋለች፤ እንዴት ባለ ሁኔታ እንደምታገኘው ግን አንባቢ ስለሚያውቀው አልደግመውም። አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ አልጠየቁኝም።

ሦስተኛውን የከረጢት መጽሐፍ፥ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «አዲስ ዓለም»ን፥ ያነበብሁት በኀዘን ቤት ነው። በ1925 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ታሪክ፥ አወቀ የሚባል የተጕለት ልጅ በአውሮፓ ተምሮ ሲመለስ ከአገሩ ልማድ ጋር የሚገጥመውን ትግል ያሳያል፤ በአባቱ ተዝካር ምክንያት ከዘመዶቹ ጋር የሚያደርገው ክርክርም የታወቀ ነው። በቤታችን የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር። ጕድጓዳችን ባዶ ነው፤ የክረምቱ ዘር ገና አልተገዛም፤ ዘመድ ግን ድግስ ይጠብቃል። የአወቀን አሳብ ለተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አነበብሁላቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አክስቴ ግን እስከ መጨረሻው ካደመጠች በኋላ፥

«የመጽሐፉ ልጅ ያለው ስለ እንጀራው ነው» አለች። «እኔ ስለ እንጀራው አልተናገርሁም። በዚያ ጳጉሜን የሞቱት በወጉ ሳይለቀስላቸው ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ይህ መንደር አንድ ቀን እንኳ አብሮ አልተቀመጠም። ወንድሜን ምክንያት አድርጎ ይቀመጥ።»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ አክስቴ የጠየቀችው ብላቴን ጌታ ያልተጠየቁትን ነበርና። በመጨረሻ ነገሩ በሁለቱ መካከል ተቈረጠ፤ ለዘር የተያዘው ገንዘብ እንዳይነካ፥ በሬም እንዳይታረድ፥ እያንዳንዱ ቤት ያለውን ይዞ እንዲመጣ ተስማማን። በአርባው ቀን ሰዉ ቆሎና ጠላ ይዞ መጣ፤ የአባቴ ስም ሲጠራ የሌሎቹም ስም አብሮ ተጠራ። እስከ ማታ ድረስ የሄደ ሰው አልነበረም።

ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የቀረውን ክፍል በሰኔ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ለተማሪዎቼ ጮኬ አነበብሁላቸው። ዓመቱም በሰላም አልተፈጸመም፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ፤ እኛም ዳግመኛ ወሬ እየጠየቅን አደርን።

ከዚያ ዓመት ያተረፍሁት አሳብ ይህ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ስለ መጽሐፍ የሚለው የለውም ብለን የምናስብ የተማርን ሰዎች ብዙ ነን። ነገር ግን ስለ ረሀብ፥ ስለ ንግድ፥ ስለ ልማድ የተጻፉት መጻሕፍት የሚናገሩት ስለ እርሱ ነው፤ እርሱ ሳይሰማቸው ከቀረ ባለ ጉዳዩ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ይመስላሉ። ስለዚህ መምህር የሆነ ከሚያስተምረው መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ተማሪው በቤቱ ለወላጆቹ እንዲያነብና መልሳቸውን ጽፎ እንዲያመጣ ቢያዝ፥ በመሥሪያ ቤት ያለ ሹምም ስለ ገበሬው የተጻፈውን ጥናት ከመፈረሙ በፊት አንድ ማታ ለአንድ ገበሬ ቢያሰማው፥ ወጪው የኩራዝ ጋዝ ብቻ ነው። ተማሪውም ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲገባ በከረጢቱ አንድ መጽሐፍ ይያዝ፤ በቤቱ «ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እያለ ለብቻው አያንብበው።