ሁለት ድምፅ በአንድ ቀዳዳ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ነው። የሻይ ቅጠል ማስቀመጫ ነበረች። ሁለት ማይክሮፎን ይገባባትና በአንድ ሽቦ ወደ መቅረጸ ድምፅ ይወጣል። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወደ ጉባ ይዣት ሄጄ ነበር። በኋላ የደረሰው ጥፋት የእኔ እንጂ የቆርቆሮዋ አይደለም።

ጉባን ዛሬ አገሩ ሁሉ የሚያውቃት በግድቡ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እኔ የሄድኩት ውሃው መሞላት ሳይጀምር፣ ከዓባይ ዳር የሚነሡ የጉሙዝ ቤተሰቦችን ለማነጋገር ነው። ጉሙዝኛ አልችልም። የመቅረጸ ድምፄ የማይክሮፎን ቀዳዳ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ተናጋሪና አስተርጓሚ እንዴት አብረው ይገባሉ?

መንገዴ በቻግኒ ስለነበር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ጎራ አልኩ። «ሁለቱን ሽቦ ዝም ብለህ ብታጣምራቸው አንዱ ሌላውን ይበላዋል» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው። ማይክሮፎን ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ሁለቱ በቀጥታ ሲገናኙ ግን የአንደኛው ኤሌክትሪክ ወደ መቅረጫው በመሄድ ፈንታ በሌላኛው ማይክሮፎን በኩል ሾልኮ ይቀራል። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሦስት እግር ያላት ስዊች ናት፤ ወደ ግራ ስትባል አንዱን፣ ወደ ቀኝ ስትባል ሌላውን ብቻ ታሳልፋለች። ሌላው በየሽቦው ላይ አንዳንድ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በይዶ ጫፎቻቸውን ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ድምፅ ይገባል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ የእያንዳንዱ ጉልበት ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል፣ መቅረጫውን ከፍ ስታደርገው ደግሞ ሽሽ የሚለው ጫጫታ አብሮ ከፍ ይላል።

ሰውየው ከሞተ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ቡናማ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለበት ያላቸው ሁለት ሬዚስተሮች ነቅሎ በይዶ ሰጠኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሞክረው ጫጫታው አስጠላኝ። ጋዜጠኝነት ስንማር ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረን «ድምፃችሁ ጥርት ይበል» የሚል ነበር። በማግስቱ ሬዚስተሮቹን አስነቅዬ ስዊቿን አስበየድኩ። ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተከራከረኝም።

ያነጋገርኳቸው እናት በዕድሜ የገፉ ነበሩ። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ በሚያርፍ እንጨት ግራና ቀኝ ሸክም አንጠልጥለው፣ ክብደቱን አመዛዝነው ነው የሚሄዱት። ቆርቆሮዬንና ሁለቱን ሽቦ አይተው ሳቁ። አስተርጓሚዬ የአካባቢው አስተማሪ ነው፤ «አንተም እንደኛ ትሸከማለህ ወይ? ይላሉ» አለኝ።

መጀመሪያ ተራ በተራ ሄደ። ስለ ማሽላቸው፣ ከአሸዋ ታጥቦ ስለሚወጣው ወርቅ አጫወቱኝ። ቆይቶ ግን ለትርጉም ማቆሙን ተዉት። አስተማሪው በላያቸው መናገር ጀመረ፣ እኔም ስዊቿን ወደ እሱ አጋደልኳት። የማይገባኝን ቋንቋ ቀርጬ ምን አደርጋለሁ? 20 ደቂቃ ያህል እንደዚያው ቆየሁ። እማማ ብዙ ተናገሩ፣ እንጉርጉሮ የሚመስልም ነበረበት። እሱ «ስለ መቃብሩ ቦታ እያነሡ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «አሁን የሙታኑን ስም እየጠሩ ነው» አለና አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ቅጂውን ስከፍተው አንድ የእማማ ግማሽ ቃል ይሰማል፤ ከዚያ የስዊቿ ቀጭታ፤ ከዚያ ጥርት ያለ አማርኛ። ስሞቹ በተጠሩበት ቦታ ዝምታ ነው፤ እሳቸው ከዝምታው ጀርባ፣ ከግድግዳ ማዶ እንደሚያወራ ጎረቤት ይሰማሉ። በጉሙዝኛ አፉን ለፈታ ሰው አሰማሁት። ሁለት ስም ለየልኝ፤ ሌላውን ልገምት አልችልም አለ። በዚያ ቋንቋ የድምፅ ከፍና ዝቅ ማለት የቃሉን ፍቺ ስለሚለውጥ በግምት አይደፈርም።

ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውሃው መሞላት ጀመረ። አስተማሪውን በስልክ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። እማማ በአዲሱ ሰፈር አርፈዋል።

«የማን የማን ስም ነበር የጠሩት?» አልኩት።

«ምኑን አስታውሼው ወንድሜ» አለኝ። «እኔ እኮ አንተ እየቀረጽክ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»