ስለ ሌንስ ምርጫና ስለ አንዲት ልጅ ፊት

ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመሩ ወጣቶች ወደ ሥራ ቤቴ ሲመጡ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ዘወትር አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «የፋሽንና የቁንጅና ፎቶግራፍ ለማንሣት የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» የሚል ነው። ሌንስ ርካሽ ዕቃ አይደለምና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የዕቃውን ስምና ቁጥር ብቻ ነግሬ ብሰዳቸው ግማሹን የደበቅሁባቸው ይመስለኛል። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አስቀድሜ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገርህና ቁጥሩን ከዚያ በኋላ እንመለከተዋለን።

በ2006 ዓ.ም. ዕቁብ ደረሰኝ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ ታናሽ ወንድሜም ለትምህርቱ ገንዘብ ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን በውጭ አገር የፋሽን መጽሔቶች ላይ እግራቸው የረዘመ፣ ከኋላቸው ከተማው በሙሉ የተዘረጋ ሴቶችን አይቼ ልቤ ተሰርቆ ስለ ነበር፣ ገንዘቡን በሙሉ አውጥቼ፣ በላዩም ተበድሬ፣ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ሌንስ ገዛሁ። ከገዛሁም በኋላ በአንገቴ አንጠልጥዬ ስሄድ መንገደኛው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ማን ያየኛል? የሌንስን ዋጋ የሚያውቀው ሌላው ፎቶ አንሺ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚያየው በቅናት ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚሸጡ አንዲት ሴት፣ ለፋሲካ ገበያ ያሰፏቸውን ስድስት ቀሚሶች እንዳነሣላቸው ጠሩኝ። እትዬ እላቸው ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው የምላቸው። ልብሱን የምትለብሰው የእኅታቸው ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ 19 ዓመት ያህል፣ ቁመቷ የተስተካከለ፣ ዝምተኛ ልጅ። ያነሣኋት አራት ሜትር በማትሞላ ክፍል ውስጥ ነው። በአዲሱ ሌንስ ለመመካት ስለ ቸኮልሁ ወደ ፊቷ ተጠጋሁ፤ ክንዴን ብዘረጋ ጉንጯን እነካው ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ምስሎቹን በኮምፒዩተር ላይ አሳየኋቸው። እትዬ ቀሚሱን ያያሉ። ልጅቱ ግን የምታየው ፊቷን ነበር። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና በዝግታ፣ «ጋሼ፣ አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔም እየሳቅሁ፣ «ምን ላድርግ፣ ካሜራ አይዋሽም!» ብዬ መለስሁላት። ከዚህች ቃል የበለጠ ያፈርሁበት ነገር በሥራ ዘመኔ የለም። ልጅቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ድረስ ተከናንባ ወጣች፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ለአክስቷ ልብስ ለብሳ ለመነሣት እንቢ አለች።

ካሜራው ዋሽቶ ነበር ልል አልችልም፤ ያ ደግሞ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው አፍንጫ ጫፍ ከጆሮው 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይቀድማል እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው 48 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ከጆሮው 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ቅርብ ያለው ገዝፎ ስለሚታይ፣ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በሩብ ያህል ገዝፎ ይወጣል። ያው ካሜራ ሁለት ሜትር ቢርቅ ግን ልዩነቱ ከመቶ ስድስት ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ የፊትን ቅርጽ የሚለውጠው የሌንሱ ቁጥር ሳይሆን አንሺው የቆመበት ርቀት ነው። የሌንሱ ሥራ በዚያ ርቀት ላይ ሆነን ምን ያህሉን ቦርሰን እንደምንወስድ መወሰን ነው። ሰፊው ሌንስ ፊትን ብቻ እንዲሞላልህ ከፈለግህ መጠጋት ግድ ይሆንብሃል፤ ያጠፋኝም ይህ መጠጋት ነው።

ይህ ነገር ለፎቶ አንሺ ብቻ የሚነገር አይደለም። የስልክ የፊት ካሜራም ሰፊ ሌንስ ነው፤ የሚያዘውም በክንድ ርዝመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሐኪሞች ጥናት፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፊት በአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣው ይልቅ አፍንጫውን ወደ 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ በስሌት አመልክቷል። በየዕለቱ በስልኳ ራሷን እያነሣች መልኳን የምትጠላ እኅት ያለህ እንደ ሆነ፣ ከመሳቅህ በፊት ይህን ንገራት።

ከዚያ በኋላ ስሕተቴን ለማረም ብዬ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥሁ። ከአንድ ወዳጄ 85 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ተዋስሁ። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ይቀጥናል። እትዬ ሌላ ልጅ አምጥተው በግቢያቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔም ሁለት ሜትር ርቄ፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ አነሣሁ። ዓይኗ እንደ ኮከብ ጠራ፤ ከኋላዋ ያለው የቆርቆሮ አጥር ቀልጦ እንደ ጉም ሆነ። እውነቱን ለመናገር በጣም አማረኝ።

እትዬ ግን መነጽራቸውን አድርገው ምስሉን አቅርበው አርቀው አዩና፣ «ልጄ፣ ጥለቱ የት ሄደ?» አሉኝ። እውነትም በጉልበቷ ላይ የወረደው ጥለት የለም፤ ቀለም ብቻ ቀርቷል። በዚያ ሌንስ፣ በዚያ ርቀትና በዚያ ቀዳዳ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ከዓይኗ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ እኔ ቀድሞ ነበር። «ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ጀርባው እስኪጎብጥ የሠራውን አንተ በአንድ ጠቅታ አጠፋኸው» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ይህች ንግግር ፋሽንና ቁንጅና የሚለያዩበትን ነገር አስተማረችኝ። በቁንጅና ፎቶግራፍ የሥራው ባለቤት ፊት ነው፤ ሌላው ቢደበዝዝ ይቅር ይባላል። በፋሽን ፎቶግራፍ ግን ባለቤቱ ልብሱ ነው፤ በልብሱም ውስጥ የፈተለችው፣ የሸመነውና የሰፋው ሰው አሉ። ያን ጊዜ ሦስት ሜትር ርቄ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 አጠበብሁት፤ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀትም ከግማሽ ሜትር በላይ ሆነ። ነገር ግን ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 8 ሲወረድ የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ ሃያኛ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ የቀን ብርሃን ወይም ጥሩ ፍላሽ ይፈልጋል። ብዙ ወጣቶች ለኤፍ 1.2 የሚያወጡትን ገንዘብ ለመብራት ቢያወጡት ኖሮ እላለሁ፤ መብራት ግን በአንገት ተንጠልጥሎ አይታይም።

ሰፊ ቀዳዳ ያለው የፊት ሌንስ ጥንቱንም ለጉራ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1840 ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለው የሒሳብ መምህር በቪየና ኤፍ 3.6 ያህል የሆነ ሌንስ ያሰላው፣ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰው ለብዙ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ግድ በነበረበት ጊዜ ነው። ብርሃኑ ሲበዛ የሰውየው ድካም አጠረ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ካሜራህ ሙሉ ፍሬም የሚባለው፣ ማለት የምስል መቀበያው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነው ከሆነ፣ ለፊት 85 ሚሊ ሜትር ይበቃሃል። ከራስ እስከ እግር አንድን ሰው በቁመት ለማንሣት ግን በ85 አምስት ሜትር ያህል መራቅ አለብህ፤ በ50 ሦስት ሜትር ያህል ይበቃል። ስለዚህ ሌንስ ከመግዛትህ በፊት ክፍልህን በሜትር ለካ። እኔ አልለካሁም ነበር። ካሜራህ አነስተኛ መቀበያ ያለው ከሆነ፣ እንደ ኒኮንና ሶኒ ያሉት ቁጥሩን በ1.5፣ ካኖን በ1.6 ያባዙታል፤ ስለዚህ ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 በእጅህ እንደ 75 ወይም እንደ 80 ሆኖ ያገለግልሃል። ከዚህ የሚሻል የመጀመሪያ ሌንስ ለተማሪ አላውቅም። ከ70 እስከ 200 የሚሄደው ትልቁ ሌንስ ለፋሽን ሰልፍ መልካም ነው፤ ነገር ግን በ200 ሙሉ ቁመት ለማንሣት 11 ሜትር ትርቃለህ፤ ከዚያ ሆነህም ልጅቱን «ቀና በይ! ዙሪ!» እያልህ በሰው ፊት መጮህ ይሆናል።

እኔ 85ን የወደድሁት ስለ ምስሉ ብቻ አይደለም። ፊትንና ትከሻን ሲያነሡበት የሚቆሙበት ርቀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህም ሳይጮኹ የሚነጋገሩበት፣ ሳይነኩ የሚቆሙበት ርቀት ነው። በቁንጅና ፎቶግራፍ ስም ብዙ ነገር እንደሚደረግ የሠራው ሁሉ ያውቀዋልና፣ ይህን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ24 ስትጠጋ ትንፋሽህ ይደርስባታል፤ የመጣችው ልብስ ለማሳየት እንጂ ትንፋሽህን ለመታገሥ አይደለም።

ፎቶ አንሺዎች ስንሰባሰብ የምንጠቅሰው አንድ ምስል አለ፤ ስቲቭ ማካሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ፓኪስታን በሚገኝ የስደተኞች ሠፈር ያነሣት፣ በ1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችው አፍጋናዊት ልጅ። ሌንሱ የኒኮን 105 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.5 እንደ ነበረ በቃላችን እናውቃለን። ልጅቱ ግን ዓለም ሁሉ ያወቀውን የገዛ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በ2002 ነው። እኔ ራሴ የሌንሱን ቁጥር ካወቅሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ይህን የሰማሁት።

ያችን የመጀመሪያዋን ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ በአክስቷ ሱቅ አገኘኋት። ሒሳብ ትይዝ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ፣ ከጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ አንሥቼ፣ 12ን፣ 48ንና 60ን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፌ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፤ ሒሳቡንም ከእኔ ቀድማ ጨረሰችው። ከዚያም፣ «እንግዲያውስ ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ያን ቀን አላውቅም ነበር» አልኋት።

በዚያው ሳምንት እትዬ አዲስ ቀሚስ እንዳነሣላቸው ሲጠይቁኝ፣ ልጅቱ ራሷ ተነሥታ ለበሰችው። ካሜራውን ሳነሣ ግን ጀርባዋን ሰጠችኝና፣ «ልብሱን ያንሡ» አለች። አምስት ሜትር ራቅሁ፤ ጀርባዬ የግቢውን አጥር ነካ። ኤፍ 8 አድርጌ፣ ከትከሻዋ እስከ ተረከዟ የወረደውን ጥለት አነሣሁ። እትዬ ያን ምስል አሳጥበው ሱቃቸው ውስጥ ሰቅለውታል።