ክሱ ከተነሣ በኋላ

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድና በአካባቢው ለሚኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም «ክሱ ተዘግቷል፣ አልቋል» ብለው ለተቀመጡት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር ቤዝመንት ተካፍዬ እኖር ነበር። በኪራይ ሒሳብ ተጣላን፤ በሩ ላይም ተገፋፋን። በነጋታው ኮሚሽነር ዘንድ ሄዳ «መታችኝ» ስትል በመሐላ አመለከተች። በሜሪላንድ ማንም ሰው ዲስትሪክት ኮርት ኮሚሽነር ፊት ቀርቦ በሌላው ላይ የክስ ማመልከቻ ማስገባት ይችላል። ኮሚሽነሩ በቂ ምክንያት አለ ብሎ ካመነ መጥሪያ ወይም የእስር ትእዛዝ ያወጣል። በእኔ ላይ የወጣው የእስር ትእዛዝ ነበር።

ከሥራ ስመለስ ያዙኝ። አሻራ ሰጠሁ፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ እዚያው አደርኩ። ክሱ ሁለተኛ ደረጃ አሶልት ይባላል፤ እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል። በግሪን ካርድ ነበር የምኖረውና ከእስሩ ይልቅ ከአገር መባረሩን ፈራሁ። ጠዋት በራሴ ዋስትና ተለቀቅኩ።

ከዚያ ሽማግሌዎች ገቡ። ሁለታችንንም አዳምጠው፣ ወቅሰው አስታረቁን። እሷም ክሱን ላንሣ ብላ ሄደች፤ ክሱ የስቴቱ ነው፣ አንቺ ማንሣት አትችዪም ተባለች። በቀጠሮው ቀን ግን ዓቃቤ ሕጉ ክሱን እንደማይቀጥል ለዳኛው ተናገረ። ኖሌ ፕሮሴኩዊ ይሉታል። መሄድ ትችያለሽ ተባልኩ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የጨረሰው ነገር ተመልሶ አይነሣምና ሁሉም ያለቀ መሰለኝ።

ቀጥሎ የነርስ ረዳትነት ኮርስ ጨርሼ ለአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አመለከትኩ። ኃላፊዋ የኮምፒውተሯን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችው። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ማንም ሰው በነጻ ስም አስገብቶ መዝገብ የሚፈልግበት ድረ ገጽ አላቸው። ስሜና አሶልት የሚለው ቃል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ክሱ መቋረጡን የሚናገረው መስመር ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋት። «ገብቶኛል፤ ግን ውሳኔው የእኔ አይደለም» አለችኝ። ሥራው ቀረ። ቆየት ብሎ አፓርታማ ለመከራየት ያስገባሁት ማመልከቻም በዚሁ ምክንያት ውድቅ ሆነ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ሊሰረዝ እንደሚችል የሰማሁት ዘግይቼ፣ አብራኝ ከምትሠራ ሴት ነው። ኤክስፐንጅመንት ይባላል አለችኝ። የማሰረዣውን ፎርም ሞልቼ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቦታ ሄድኩ። ጠበቃዋ መስመር በመስመር አየችው። ስሕተት የለውም አለች። ልትመልስልኝ ስትል ቆም አለችና «ዜጋ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አይደለሁም፣ ማመልከቻዬን በቅርቡ አስገባለሁ አልኳት።

«እንግዲያው ይህን ዛሬ እንዳታስገቢ» አለችኝ፤ ወንበሯንም ሳብ አድርጋ ታስረዳኝ ጀመር። መዝገቡን የሚሰርዘው ስቴቱ ነው። ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ ፌዴራል መንግሥቱ ነው፤ ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻም ታስረሽ ወይም ተከሰሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ መዝገቡ ቢሰረዝም። አሻራዬን ሰጥቻለሁና አላውቅም ብል ውሸቱ ከክሱ የከፋ ጣጣ ያመጣብኛል። አዎ ካልኩ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ የሚያሳይ የተረጋገጠ የፍርድ ቤት ወረቀት እጠየቃለሁ። መዝገቡ ከተሰረዘ በኋላ ያንን ወረቀት ከየት አመጣለሁ? እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ መዝገቡ ጠላቴ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ነጻነቴን የሚመሰክርልኝ እሱ ብቻ መሆኑን ያየሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠበቃዋ ያንን አንድ ጥያቄ ባትጠይቀኝ ኖሮ ማስረጃዬን በገዛ እጄ አጠፋው ነበር።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ሄጄ የክሱንና የውሳኔውን ቅጂ አስመታሁ፤ ማኅተም ያለበት፣ ከአንድ በላይ። ፎርሙን ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋተኛ ሳይባሉ ለተዘጋ ክስ የማመልከቻ ክፍያ የለም። ክሱ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ስላለፈው መብት የመተው ሰነድ መፈረም አላስፈለገኝም፤ ከዚያ በፊት የሚያመለክት ሰው ስለ እስሩ ካሳ እንደማይጠይቅ መፈረም አለበት። ከጥቅምት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ የተዘጉ ክሶች ከሦስት ዓመት በኋላ በራሳቸው ይሰረዛሉ፤ የእኔ ከዚያ ይቀድማል። ዓቃቤ ሕጉ ለመቃወም 30 ቀን ነበረው፤ አልተቃወመም። ዳኛው አዘዘ። ፖሊስና ሌሎቹ መዝገብ ያዢዎች ትእዛዙን መፈጸማቸውን ለማሳወቅ 60 ቀን ይሰጣቸዋል። ጊዜው ሲያልቅ ድረ ገጹ ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ ምንም አልወጣም። ባክግራውንድ ቼክ የሚሠራ አንድ የግል ድርጅት አሮጌውን መረጃ ይዞ ተገኝቶ ነበር፤ የትእዛዙን ቅጂ ልኬ አሳረምኩት።

በዜግነት ቃለ መጠይቁ መኮንኑ ስለ እስር ጠየቀኝ። አዎ አልኩና ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ፋይሉ ውስጥ አስገባው፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ዛሬ ዜጋ ነኝ፤ የምሠራውም አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ለጠበቃዋ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ከዚያች ከተጣላኋት ልጅ ጋርም እንጠያየቃለን።

የእኔ ዓይነት ነገር የደረሰባችሁ፣ ማኅተም ያለበት ቅጂ እጃችሁ ሳይገባ መዝገባችሁን አታሰርዙ። ጥፋተኛ ተብላችሁ ከሆነ ደግሞ ስቴቱ ቢሰርዘውም ኢሚግሬሽን እንዳለ ይቆጥረዋልና፣ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም ፎርም አታስገቡ።